ለአባላት፦ ስለዚህ ሳምንት ቅርጫት

በየሳምንቱ ከእርሻችን የአትክልት ቅርጫት የሚደርሳችሁ ውድ አባሎቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሙቀቱ በርትቷል። ቅጠላ ቅጠሉን ጎህ ሲቀድ፣ ጤዛው ሳይረግፍ እንቆርጣለን፤ ፀሐይ ካየለች በኋላ የተቆረጠ ሰላጣ እናንተ ዘንድ ሳይደርስ ይጠወልጋል። ለነገሩ ሰላጣው ሊያልቅ ነው፤ ሙቀቱ አበባ አስወጥቶት መምረር ጀምሯል። አሁን ብንዘራም አፈሩ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ በደንብ አይበቅልም፤ እስኪበርድ ታገሡን።

ዝኩኒው ግን አላስቀምጥ ብሎናል። ሁለት ቀን ከዘለልነው ክንድ አክሎ ይጠብቀናል፣ ዘሩም ይጠነክራል። ስለዚህ በዛ አድርገን ብንልክላችሁ አትቀየሙን።

ቲማቲሙ መቅላት ጀምሯል። አደራ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አታስገቡት፤ ቅዝቃዜ መዓዛውን ይገድለዋል። ጠረጴዛ ላይ ይሰንብት።

ነጭ ሽንኩርቱ ተነቅሎ ነፋሻ ጥላ ሥር ተሰቅሏል። እስኪደርቅ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል፤ ከዚያ በፊት አትጠይቁን።

ልጆቹ አረም ላይ ናቸው። ካሮቱ መሃል የገባው አረም በጣት እንጂ በመኮትኮቻ አይነቀልም፤ ወገብ ይጨርሳል። ጊዜ ያለው ሰው ቅዳሜ ማለዳ ብቅ ቢል ደስ ይለናል፤ ባርኔጣና የሚጠጣ ውሃ ይያዝ።

ባዶ ቅርጫትም አጥሮናል፤ ቤታችሁ ያለውን መልሱልን።