ስለ «ፋይን» ለጠየቅሽኝ

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እማዬ እንዴት ናት? አባዬስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራውም ሰላም ነው።

ባለፈው ስንደዋወል ስለዚህ የእንግሊዝኛ ቃል «ፋይን ማለት ደህና ማለት አይደለም እንዴ? መዝገበ ቃላቱ ላይ ለምን ይሄ ሁሉ ትርጉም ተደረደረበት?» ብለሽኝ ነበር። መልሱን ጀመርኩልሽና ስልኩ ተቋረጠ። ጥያቄሽን ግን ወድጄዋለሁ። እዚህ እንግሊዝ አገር ይህን ቃል ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም። አንቺም ለፈተናሽ፣ ኋላም ለሥራሽ ይጠቅምሻል። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ።

ከሥሩ ልነሳ። ቃሉ የመጣው ከላቲኑ «ፊኒስ» ነው። መጨረሻ፣ ወሰን ማለት ነው። በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ ነው እንግሊዝኛ የገባው። እስከ መጨረሻው ድረስ የተሠራ፣ ከዚህ በላይ ሊጣራ የማይችል ነገር «ፋይን» ተባለ። «ፊኒሽ» (መጨረስ) እና «ፋይናል» (የመጨረሻ) የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። «ፋይናንስ» ራሱ ዕዳን ከፍሎ ከመጨረስ የመጣ ነው። የሙዚቃ ኖታ ላይ ዜማው የሚያበቃበት ቦታ «ፊኔ» ተብሎ ይጻፋል። እሱም ከዚያው ከላቲኑ ቃል የወጣ ጣሊያንኛ ነው።

ይህችን ከያዝሽ ሌላው ይቀልልሻል። ተጣርቶ ያለቀለት ወርቅ «ፋይን ጎልድ» ይባላል። የወርቅ ጥራት ከሺህ ነው የሚለካው። 24 ካራት የሚባለው 999 ነው፣ 18 ካራት ደግሞ 750። ልኬቱም ስሙን ከዚሁ ቃል ወስዶ «ፋይንነስ» ተብሏል።

አሁን የኛን ቋንቋ አስቢው። መጽሐፍ ቅዱሳችን «ጥሩ ወርቅ» ሲል የጠራ ወርቅ ማለቱ ነው። ዛሬ «ጥሩ ሰው»፣ «ጥሩ ሐሳብ» የምንልበት ቃል የወጣው ከ«ጠራ» ነው። ደመናው ሲገፈፍም «ሰማዩ ጠራ» እንላለን። እንግሊዞችም ዝናብ የሌለበትን ብራ ቀን «ፋይን» ይሉታል፤ ደግ ሰውንም «ፋይን ማን» ይሉታል። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቋንቋዎች ከጥራት ተነስተው ወደ ደግነትና ወደ ሰማይ በአንድ መንገድ ሄዱ። ይህን ሳስተውል ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም። እንግሊዝኛ ስታጠኚ አማርኛሽን ከደጅ አታስቀምጪው። ብዙ ጊዜ እሱ ነው የሚያስረዳሽ።

መዝገበ ቃላቱ ላይ ያደናገረሽ ግን ሌላኛው ዘር ይመስለኛል፤ የደቃቁ ዘር። እስከ መጨረሻው የተፈጨና የተነፋ ነገር ይደቃል፣ ይልማል። ስለዚህ «ፋይን» ቀጭንም ደቃቅም ሆነ። ቀጭን ክር፣ ቀጭን መስመር፣ የላመ ዱቄት፣ ደቃቅ አሸዋ፣ ሁሉም «ፋይን» ናቸው። የሥነ ምድር ሰዎች ልክ እንኳ አውጥተውለታል። የአሸዋው ቅንጣት ከ0.125 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ሲሆን «ፋይን ሳንድ» ይሉታል። ሕፃን ልጅ ቁልፍ ሲቆልፍና እርሳስ ሲይዝ የሚጠቀምበት የጣት ቅልጥፍናም «ፋይን ሞተር ስኪል» ይባላል።

እዚህ ጋ ተጠንቀቂ። በዚህኛው ትርጉም ውስጥ ጥሩነት የሚባል ነገር የለም። ስለ አየር ብክለት ስታነቢ «ፋይን ፓርቲክል» የሚል ይገጥምሻል። ወርዱ 2.5 ማይክሮ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ብናኝ ነው፤ አንድ ማይክሮ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። አደገኛ የሚያደርገው ያው ደቃቅነቱ ነው፤ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። «ፋይን ማለት ደህና» ብሎ የሸመደደ ተማሪ እንዲህ ያለ ምንባብ ሲመጣበት ግራ ይጋባል።

«ፋይን ፕሪንት» የሚባለውንም ያዢልኝ። ውል ላይ ከታች ወይም ከጀርባ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው ነው። እዚህ እንግሊዝ «ስሞል ፕሪንት» ማለት ይቀናቸዋል፤ አሜሪካኖች ናቸው «ፋይን» የሚሉት። በየትኛውም ስም ይምጣ፣ ብዙ ጊዜ ከባዱ ግዴታ ያለው እዚያ ነው። የሥራ ውል ቢሰጡሽ እሱን ሳታነቢ እንዳትፈርሚ። አደራ።

«ፋይን» የገንዘብ ቅጣት ማለትም ይሆናል። ያኔ ቅጽል መሆኑ ቀርቶ ስም ነው። ሥሩ ግን ያው «ፊኒስ» ነው፤ ክርክሩ እንዲያበቃ የሚከፈል ገንዘብ ማለት ነበር።

አሁን ወደ ሰው አፍ እንምጣ። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። «አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ» ብለን ያልተማርን የለም። ትክክል ነው፤ ዛሬም ይባላል። «አይ አም ቬሪ ፋይን» ግን ለጆሯቸው አይጥምም። ጤናሽን ለማጉላት ስትፈልጊ «ቬሪ ዌል» በይ። «ፋይነር»ም ለጤና አይሆንም፤ ሲሻልሽ «ቤተር» ነው የምትይው። ለሌላ ነገር ግን እስከ «ፋይነስት» ድረስ ይሄዳል። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቸርችል በሰኔ 1940 እ.ኤ.አ. ለፓርላማቸው ባደረጉት ንግግር መጪውን የመከራ ጊዜ «ፋይነስት አወር» ብለውታል። ከሁሉም የላቀችው ሰዓት እንደ ማለት ነው።

ብዙ አዲስ መጪ የሚሳሳተው ደግሞ ይኸውልሽ። አንድን ሰው «ውሃ ላምጣልህ?» ስትይው «አይ አም ፋይን» ቢልሽ አልፈልግም ማለቱ ነው። በኛ «ይቅርብኝ» ነው። ፈቃድ ጠይቀሽ «ዛትስ ፋይን» ከተባልሽ ተፈቅዶልሻል፤ ሂጂ። ክርክር መሃል ድምፁን ቆረጥ አድርጎ «ፋይን!» ካለ ግን ስምምነት እንዳይመስልሽ። «በቃ፣ እንዳልሽ አድርጊው» ነው፤ ቅሬታ አለበት። አየሽ፣ ቃሉ አንድ ነው። የሚለየው ድምፁና የተነገረበት ቦታ ነው። ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አትማሪውም። ሬዲዮ ስሚ፣ ሰዎች ሲነጋገሩ ስሚ።

እኔ በምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ይህ ነገር ከቋንቋ ትምህርት ያለፈ ነው። እዚህ አገር ብዙ አዛውንቶች ሕመማቸውን መናገር ሰው ማስቸገር ይመስላቸዋል። «እንዴት አደሩ?» ስትያቸው «ፋይን» ይሉሻል። እጃቸው ግን ወገባቸውን ይዟል። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ደግሞ የቱ ጋ እንደሚያማቸው ለመግለጽ ቃሉን ያጡታል፤ «ፋይን» ግን ከልማድ አፋቸው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ፊታቸውን እናያለን። ግንባራቸው ይቋጠራል? ሲነሱ ይሰቃያሉ? አተነፋፈሳቸውስ? ጥያቄያችንንም እንለውጣለን። «ደህና ነዎት?» ማለት ትተን «ዛሬ ሲነሱ የቱ ጋ ያዝዎት?»፣ «ከትናንት ይሻላል ወይስ ብሷል?» እንላለን። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ «ፋይን» መልስ አይሆንም። ሰውየው ቆም ብሎ ያስባል፣ ከዚያም እውነቱን ይናገራል። ከዚህ ሥራ ከተማርኩት ሁሉ የምወደው ይህንን ነው።

እናም አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እማዬ ስደውልላት ሁሌ «ደህና ነኝ ልጄ፣ አታስብ» ነው የምትለኝ። ጉልበቷን በደንብ ጠይቂልኝ። ደረጃ ስትወጣ ነው ወይስ ስትወርድ የሚብስባት? ሌሊት ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል? ጠዋት ስትነሳ እስክትፍታታ ምን ያህል ትቆያለች? መልሱን እሷ እንዳለችው ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ሐኪም ጋ ስትሄዱም ይጠቅማችኋል።

ለፈተናሽ ደግሞ እንዲህ አድርጊ። «ፋይን» በገጠመሽ ቁጥር ቃሉን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ደብተርሽ ላይ ጻፊ። ያልገባሽን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን። «ፌር» የሚለውንም ጠይቀሽኝ ነበር። እሱም ብዙ ጉድ አለው፤ በሚቀጥለው ደብዳቤ እመለስበታለሁ።

አባዬን ሳሚልኝ። ለጎረቤቶቹም ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺ።

የሚወድሽ ወንድምሽ