ከታንካችን የወጣ ቫያል ስለማይመለስበት ምክንያት

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

ለላቦራቶሪያችሁ ተረክባችሁ የሄዳችሁትን የሴል ቫያል (የቀዘቀዘ ሴል የሚቀመጥበትን ትንሽ ብልቃጥ) መልሰን ፈሳሽ ናይትሮጅን ታንክ ውስጥ እንደማናስገባ ካሳወቅን ወዲህ ስልካችን አላረፈም። «ገንዘብ አስክሯችኋል» ያለንም አለ፤ እውነቱን ለመናገር ይቺ ከንክናኛለች። መብራት ጠፍቶባችሁ ቫያላችሁን ይዛችሁ መጥታችሁ እንዲሁ ለተመለሳችሁት ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን አይለወጥም።

ሴሉን በሕይወት የሚያቆየው ቅዝቃዜው ብቻ አይደለም፤ አቀዘቃዘዙ ነው። 10 ከመቶ ዲኤምኤስኦ (ሴሉ ሲቀዘቅዝ በረዶ እንዳይጎዳው የሚከላከል ፈሳሽ) ጨምረን፣ በደቂቃ 1 ዲግሪ ገደማ እያወረድን፣ ከዜሮ በታች 80 ላይ አሳድረን ነው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ወደሆነው ናይትሮጅን የምንከተው። ያ ቫያል በበረዶ ሳጥን መገናኛ ሰፈር ደርሶ ሲመለስ ላይ ላዩን ድንጋይ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ጥቃቅኑ በረዶ እያደገ ሴሉን ይጎዳዋል። መልሰን ብናስቀምጠው ከወራት በኋላ የሞተ ሴል የምትረከቡት እናንተው ናችሁ። ያኔስ ማን ሊወቀስ ነው?

ከምናስቀምጣቸው የደም ካንሰር ሴል ዓይነቶች ኬ562 የሚባለው ትንሽ ይችላል። ኤችኤል-60 የሚባለውን ግን ዲኤምኤስኦው ራሱ ጠባዩን ያስለውጠዋል፤ ወደ ነጭ የደም ሴልነት መብሰል ይጀምራል። ስለዚህ ሲያቀልጡት 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ስስ በረዶ እስኪቀረው ብቻ ይዞ፣ ሞቅ ያለ ሚዲያ (የሴል ማሳደጊያ ፈሳሽ) ጠብ ጠብ እያደረጉ አቅጥኖ፣ ዲኤምኤስኦውን በሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ ሴሉን ከፈሳሹ በሚለይ መሣሪያ) አጥቦ ማስወገድ ግድ ነው። ይህንን ስንቶቻችሁን ማታ በስልክ፣ ያለ አንድ ብር፣ ደረጃ በደረጃ አሠርተናል!

እኔ ሥራውን የጀመርኩት ለከብት አዳቃዮች ናይትሮጅን በማመላለስ ነው። የኮርማው የዘር ፈሳሽ መንገድ ላይ ሞቆ ከሆነ ላሟ አትይዝም፤ አርሶ አደሩም የሚጠይቀው እኔን ነበር። ከዚያ ወዲህ «ትንሽ ቢሞቅ ምን አለበት» ሲሉኝ አልወድም።

ስለ ዋጋም ተነስቷል። ናይትሮጅን ደንበኛ መጣ አልመጣ ይተናል፤ በየሳምንቱ መሙላት አለብን። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ቫያሉም፣ ዲኤምኤስኦውም፣ የታንኩ መለዋወጫም ዋጋው የት እንደደረሰ ራሳችሁ የምትገዙ ታውቁታላችሁ። የማስቀመጫውን ክፍያ ግን እስካሁን አልነካንም።

ከሰኞ ጀምሮ ቫያል ከማውጣታችሁ በፊት ላቦራቶሪያችሁ መብራት መኖሩን አረጋግጣችሁ ጠዋት ደውሉ፤ በናይትሮጅን ዕቃ ደጃችሁ ድረስ እናደርሳለን፣ ማድረሻ አናስከፍልም። ሴሎቻችሁን ወደ ሌላ ቦታ ልታዛውሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ አስቀድማችሁ እኔን በግል አነጋግሩኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ