እጄማ መሪው ላይ ነበር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ትራፊክ አደጋ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፣ ግን አንዱ ምክር አልተዋጠልኝም። «አሽከርካሪዎች ስልክ በእጃችሁ አትያዙ፣ ማዳመጫ ተጠቀሙ» ይላል። እኔ ድሬዳዋ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ባጃጅ ነድቻለሁ። ልጅ ልገጭ ለጥቂት የተረፍኩት ማዳመጫዬን ሰክቼ፣ ሁለቱም እጆቼ መሪው ላይ እያሉ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ከከዚራ ተነስቼ የደቻቱን ድልድይ ተሻግሬ ወደ ቀፊራ እየሄድኩ ነበር። ገበያው የሚሞላበት ሰዓት ነው። ሁልጊዜ ከገበያ የማመላልሳቸው አንዲት እናት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ዛሬ እኔ አልመጣሁም፣ የምትጠብቅህ እህቴ ናት፣ ቢጫ ሻሽ አስራለች» አሉኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁት። ልብ በሉ፣ ስልኩ ተዘግቷል። ቢጫ ሻሽ፣ ቢጫ ሻሽ እያልኩ በሆዴ እየደጋገምኩ ገበያው ጋ ደረስኩ፣ ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ግን ሻሽ ላይ ሳይሆን የአህያ ጋሪ ላይ የተደረደረ ቢጫ ጄሪካን ላይ ነው። ጄሪካን እንደማልፈልግ አውቃለሁ እኮ! ዓይኔ ግን እዚያው ተሰካ። መንገዱን መልሼ ሳይ አንድ የሰባት ስምንት ዓመት ልጅ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሎ ፊቴ ቆሟል። ፍሬን ያዝኩ። ባጃጁ ተንሸራቶ ልጁን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ልጁ ደንግጦ ፌስታሉን ለቀቀውና ቲማቲሙ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። አላለቀሰም፣ ዝም ብሎ ያየኛል። ወርጄ ቲማቲሙን ስለቅምለት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ያን ቀን ማታ ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ለምትማር የእህቴ ልጅ ነገርኳት። «አጎቴ፣ ይሄ እኮ የሚታወቅ ነገር ነው» አለችኝ። አእምሯችን ለአፍታ የሚፈልገውን ነገር የሚይዝበት ቦታ አለው፣ ዎርኪንግ ሜሞሪ ይሉታል፣ በአማርኛ የሥራ ትውስታ። ስልክ ቁጥር ሲነገረን እስክንጽፈው ድረስ እየደጋገምን የምንይዘው በእሱ ነው። ጠባብ ነው፣ በአንዴ ሦስት አራት ነገር ቢይዝ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው። እዚያ ውስጥ የተቀመጠው ነገር ዓይንን ይጎትታል። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ላይ ሰዎች አንድ ባለቀለም ቅርጽ በአእምሯቸው እንዲይዙ ተደረገ፣ ከዚያ ስክሪን ላይ ከቅርጹ ጋር ምንም የማይገናኝ ዘመም ያለች መስመር እንዲፈልጉ ታዘዙ። ያ የያዙት ቅርጽ ስክሪኑ ላይ ካለ ዓይናቸው ወደ እሱ ይሳባል። ባይጠቅማቸውም፣ እንዲያውም እያዘገያቸው። እንግዲህ የኔ ጄሪካን ይሄው ነው።

ስለ ማዳመጫውም ነገረችኝ። አሜሪካ ዩታ ዩኒቨርሲቲ በ2001 እ.ኤ.አ. ሰዎችን እንደ መኪና መንዳት ባለ ሥራ ላይ አስቀምጠው ስልክ አስወሯቸው። ሲያወሩ ያመለጣቸው የትራፊክ ምልክት እጥፍ ሆነ። ስልኩን በእጃቸው የያዙትና እጃቸው ነጻ የሆነው ደግሞ ልዩነት አልነበራቸውም። ሬዲዮ ያዳመጡት ግን እንዲያ አልሆኑም። ወሬ መልስ ይጠይቃላ፣ ያለችውን ትንሽ ቦታ ይይዛታል።

የኛን ሥራ ደግሞ አስቡት። ከኋላ ሦስት ሰው ጭኛለሁ፣ አንዱ ሳቢያን ይወርዳል፣ አንዷ ከዚያ በፊት መድኃኒት ቤት ጋ አቁምልኝ ብላለች፣ ለአንዱ የመቶ ብር መልስ አለብኝ። ጭንቅላቴ ሞልቷል። በዚህ ላይ ስልክ ሲጨመር እጄ መሪው ላይ መሆኑ ለዚያ ልጅ ምን ይጠቅመዋል?

ስለዚህ አዘጋጅ፣ ምክሩን እባካችሁ አስተካክላችሁ አውጡት። ማዳመጫ ስካ አትበሉን፣ ቁም በሉን። ጥግ ይዞ ቆሞ ማናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ተሳፋሪዎችም ብትተባበሩን። አሽከርካሪው እየነዳ ከሆነ ዝጉትና ቆይታችሁ ደውሉ። የልብስ ቀለም ከምትነግሩን ደግሞ የቆማችሁበትን ቦታ ንገሩን፣ እዚያ ደርሰን ቆመን እንፈልጋችኋለን፣ እየነዳን የሰው ልብስ አንፈልግም።

እኔ አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው። ለእኒያ እናትም የሆነውን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሲደውሉ ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድሙ «ቆመሃል ልጄ?» ነው የሚሉኝ። ቆሜያለሁ ካላልኳቸው ይዘጉታል።

የባጃጅ አሽከርካሪ
ከድሬዳዋ