ከመረቡ ሥር ላስተማሩን ለሄንድራ ሴቲያዋን፣ ከልብ የመነጨ ምስጋና

የተከበሩ ሄንድራ ሴቲያዋን፣

እንደምን ሰነበቱ? እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአገርዎ ኢንዶኔዢያ፣ ጃካርታ፣ ኢስቶራ ሴናያን አዳራሽ ውስጥ ከባድሚንተን ጥንድዎ ከመሐመድ አህሳን ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ተሰልፋችሁ ራኬት ሰቀላችሁ። እርስዎ 40 ዓመትዎ፣ አህሳን ደግሞ 37 ዓመቱ ነበር። እኛ የጥንድ ባድሚንተን የምናሠለጥንና የምንጫወት አማርኛ ተናጋሪዎች ነን። ሜዳሊያዎን ዓለም ቆጥሮታል፤ እኛ ከእጅዎ ያየነውን ነገር በነገር ዘርዝረን ልናመሰግንዎ ወደድን። ሌላው ተጫዋችም አንብቦ ይጠቀምበት ብለን በአደባባይ አደረግነው።

ከሰርቭ፣ ማለትም ጨዋታውን ከሚከፍተው ምት፣ እንጀምር። በጥንድ ጨዋታ ሰርቭ መምታት ብዙ ጊዜ ዕዳ ነው። ከ2018 ወዲህ ባለው ሕግ መቺው የላባ ኳሷን ከመሬት ከ1.15 ሜትር በታች መምታት አለበት፤ መረቡ መሐሉ ላይ 1.524 ሜትር ነው፤ ተቀባዩ ደግሞ ራኬቱን ከመረቡ በላይ አንስቶ ይጠብቃል። ስለዚህ ኳሷ ከታች ተነሥታ፣ መረቡን ለጥቂት አልፋ፣ ከመረቡ 1.98 ሜትር ርቆ በተሰመረው የአጭር ሰርቭ መስመር ላይ ወይም ጥቂት አለፍ ብላ መውረድ ይኖርባታል። ጀማሪው የሚሳሳተው አንጓውን ስለሚያወናጭፍ ነው። እንዲያ ሲሆን ኳሷ መረቡን ካለፈች በኋላም ሽቅብ ስለምትወጣ ተቀባዩ ቁልቁል ይደፋባታል። የእርስዎ ኳስ ግን ሽቅብ ጉዞዋን በራስዎ ወገን ትጨርስና መረቡ ላይ ስትደርስ መውረድ ጀምራለች። አሠራሩን ደጋግመን አይተን ለተማሪዎቻችን እንዲህ እንነግራቸዋለን፦ አውራ ጣትን በእጀታው ሰፊ ጎን ላይ ማሳረፍ፣ ኳሷን በሁለት ጣት ላባዋ ጫፍ ላይ መያዝ፣ ቡሹን ብቻ መንካት፣ አንጓን ሳያጥፉ ከክርን አጠር ያለ ግፊት መስጠት። ነጥቡ 3 ለ 3 ሆነ 20 ለ 20፣ የፊትዎ መልክ አይለወጥም ነበር፤ ተቀባዩ ከፊትዎ የሚያነበው ነገር አጥቶ ይቸገራል።

ሰርቩ እዚህ ላይ ይብቃን፤ ዋናው ውለታዎ የሰርቭ አመላለስዎ ነው። ብዙ ተጫዋች ሰርቭ ሲቀበል ወይ በኃይል ይገፋል፣ ወይ መረቡ ሥር ይጥላል። እርስዎ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት አሳዩን። ሰርቭ የመታው ሰው ፊት ላይ ነው፤ ጓደኛው ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ መሐል መስመሩን በሁለት እግሩ አካፍሎ ቆሟል። በጎን መስመሩ አጠገብ፣ ከመረቡ ሦስት ወይም አራት ሜትር ገደማ፣ ሁለቱም በምቾት የማይደርሱበት ቦታ አለ። ኳሷ እዚያ በዝግታ ስትወርድ ፊተኛው አልፋዋለች፣ ኋለኛው ደግሞ ከወገቡ በታች ጎንበስ ብሎ ሊያነሣት ይገደዳል። ያነሣትን ኳስ አህሳን ከላይ ይጠብቃታል። ነጥቡ የተገኘው በስማሹ (ከላይ ቁልቁል በሚመታው ኃይለኛ ምት) ይመስላል፤ የተገኘው ግን ከስማሹ ሁለት ምት ቀደም ብሎ በእርስዎ ራኬት ነው።

ይህን ምት የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። ግፊቱ ከበረታ ኳሷ በፍጥነት ኋለኛው እጅ ትገባና ጠፍጣፋ ምት ሆና ደረት ላይ ትመለሳለች። ግፊቱ ከላላ ፊተኛው አንድ እርምጃ ወደ ጎን ወጥቶ ይገድላታል። ልኩን የሚሰጠው ጉልበት አይደለም፤ ኳሷን ቶሎ ማግኘት ነው። ራኬቱ ከመረቡ ጫፍ ከፍ ብሎ ሲጠብቅ ኳሷ ገና ሳትወርድ ትገኛለች፤ ከዚያ ጣትን ጨበጥ ማድረግ ብቻ ይበቃል። ለተማሪ በቀን 50 ሰርቭ አስቀብለን፣ እዚያ ክፍተት ላይ የፎጣ ያህል ጨርቅ ዘርግተን ማሳረፍ እናለማምዳለን። በመጀመሪያው ሳምንት ከ50ው ጥቂቱ ብቻ ነው የሚያርፈው፤ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም።

ስለ መከላከልዎም እናመስግን። ስማሽ ሲመጣ ሰው በደመ ነፍስ እጀታውን ጨብጦ ይይዛል። የተጨበጠ ራኬት እንደ ግድግዳ ነው፤ ኳሷን ከፍ አድርጎ ይመልሳትና ሁለተኛ ስማሽ ያስከትላል። እርስዎ ክርንዎን ከሰውነትዎ አርቀው ወደ ፊት አውጥተው፣ እጀታውን በጣቶች ብቻ ላላ አድርገው ይዘው፣ የስማሹን ኃይል እዚያው ያበርዱት ነበር። ኳሷም ወደ ተቃራኒው ጎን፣ ባዶ ወደ ሆነው የመረብ ጥግ ትወድቃለች። መቺው ከዝላዩ ሳይወርድ ነጥቡ አልቋል። የሁለታችሁም አቋቋም ትምህርት ነበር፦ ስማሹ ከቀኝ ሲመጣ፣ ፊት ለፊቱ ያለው ተከላካይ የጎን መስመሩን ይይዛል፣ ሌላው ወደ መሐል ጠጋ ብሎ መሐሉን ይጠብቃል። ብዙ ጥንዶች የሚፈርሱት እዚህ ላይ ነው። መሐል ለመጣ ኳስ ሁለቱም ይተዋሉ ወይም ሁለት ራኬት ይጋጫል፤ ቀድሞ ያልተነጋገሩ ሰዎች ሜዳ ላይ ለመነጋገር ጊዜ የላቸውም።

ከአህሳን በፊት ጥንድዎ የነበረውን ማርኪስ ኪዶን ሳናነሣ ይህን ደብዳቤ ብንዘጋው ነውር ነው። በ2007 ኳላ ላምፑር ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆናችሁት፣ በ2008 ቤጂንግ ኦሊምፒክ ላይ ወርቅ ያጠለቃችሁት አብራችሁ ነው። በዚያ ፍጻሜ ቻይናውያኑ ሳይ ዩንና ፉ ሃይፌንግ በገዛ ሕዝባቸው ፊት የመጀመሪያውን ጌም 21–12 ወሰዱባችሁ። ፉ ሃይፌንግ በዘመኑ ከነበሩት ከባድ ስማሽ መቺዎች አንዱ ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ሰው ኳስ ከፍ አድርጎ ማንሣት እንጨት አቅርቦ እሳት እንደ መለኮስ ነው። ቀጣዮቹን ሁለት ጌሞች 21–11 እና 21–16 አሸነፋችሁ። ኪዶ ቁመቱ ለዝላይ ስማሽ የሚያስመካ አልነበረም፤ ግን ከኋላ ሲዘል ኃይሉ ልዩ ነበር፣ ከፊቱ ደግሞ እርስዎ ነበሩ። በጁን 2021 ባድሚንተን ሲጫወት ልቡ ቆሞ በ36 ዓመቱ ዐረፈ። ነፍሱን ይማር። ለእርሱም ምስጋናችን ይድረሰው።

ከአህሳን ጋር ደግሞ ሦስት የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አላችሁ፦ በ2013 ጓንግዡ፣ በ2015 በገዛ አገራችሁ ጃካርታ፣ በ2019 ባዝል። ወዳጆቻችሁ «ዘ ዳዲስ» (አባቶቹ) ብለው የሚጠሯችሁ ለዕድሜያችሁ ክብር ነው። የባዝሉ ፍጻሜ የተደረገው በ35ኛ ዓመት ልደትዎ ዕለት ነበር፤ ተጋጣሚዎቻችሁ ታኩሮ ሆኪና ዩጎ ኮባያሺ ከእርስዎ 11 ዓመት ገደማ ያንሳሉ። 25–23፣ 9–21፣ 21–15። ይህን ውጤት ለተማሪዎች ደጋግመን እናነብላቸዋለን። ሁለተኛውን ጌም በ12 ነጥብ ልዩነት የተሸነፈ ጥንድ ሦስተኛውን ከዜሮ ነው የሚጀምረው፤ በመሐል ያለው ዕረፍት 120 ሰከንድ ነው፤ ከኋላቸው የሚጎትቱት ነገር የለም።

በዚያው ዓመት በእንግሊዝ በሚካሄደው ታዋቂ ውድድር፣ በኦል ኢንግላንድ፣ ፍጻሜ ባትዎን ታመው ነበር የገቡት። የመጀመሪያውን ጌም በማሌዥያውያኑ በአሮን ቺያና በሶ ዉይ ይክ 21–11 ተሸንፋችሁ፣ ቀጣዮቹን 21–14 እና 21–12 ወሰዳችሁ። አንድ እግሩ የታመመ ሰው ያለበት ጥንድ መጫወት የሚችለው የኳሱ ምልልስ ሳይረዝም ካለቀ ብቻ ነው፤ ለዚህም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምቶች ከወትሮው ይበልጥ ንጹሕ መሆን አለባቸው። የቀረውን ሩጫ አህሳን ተሸከመው፤ ለአህሳን በዚህ ብቻ ብዙ እናመሰግነዋለን። (በነገራችን ላይ ባት የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በረጅሙ ሩጫ አይደለም፤ ቆሞ ሲጠብቁ በሚደረገው ድንገተኛ የመጀመሪያ ግፊት ነው። ከ30 ዓመት በላይ የሆነ ተጫዋች ከልምምድ በኋላ በአንድ እግሩ ቆሞ ተረከዙን በዝግታ 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር ያንሣ፤ ሲያወርድ ከማንሣቱ ይበልጥ ይዘግይ።) እነዚያው ማሌዥያውያን በ2022 ቶኪዮ ላይ 21–19 እና 21–14 አሸንፈዋችሁ ለአገራቸው የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ሲያገኙ፣ እርስዎ 38 ዓመት ከሞላዎ ሦስተኛ ቀንዎ ነበር።

ከ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ በኋላ ስለነበረው ጊዜም እናመስግንዎ፤ ይህን የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው። በሪዮ ከምድብ ሳታልፉ ተመለሳችሁ፣ ተለያያችሁም። እርስዎ ከማሌዥያዊው ታን ቡን ሂዮንግ ጋር ተጣመሩ። ታን ግራ እጁን ነው የሚጠቀመው። ሁለት ቀኝ እጆች ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ በግራ ያለው ሰው ፊተኛ እጅ (ፎርሃንድ) ከጓደኛው ጀርባ እጅ (ባክሃንድ) ጋር መሐል ላይ ይገናኛል፤ ስለዚህ መሐሉን የግራው ሰው ይወስዳል የሚለው ልማድ ይሠራል። ግራ እጅ ሲጨመር ሁሉም ይገለበጣል፤ ግራ እጁ ሰው በቀኝ ሲቆም ሁለቱም ፊተኛ እጅ መሐል ይገጥማሉ፣ በግራ ሲቆም መሐሉ ላይ የሚቀረው ሁለት ጀርባ እጅ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖ ይህን እንደገና መማር ቀላል አይደለም። አህሳንም ከሪያን አጉንግ ሳፑትሮ ጋር በ2017 ግላስጎው ላይ ብር አገኘ። በ2018 ተመልሳችሁ ስትገናኙ ግን መሐሉ የማን እንደሆነ ሁለታችሁም ሳትናገሩ ታውቁ ነበር።

በኢትዮጵያ ለምንጫወተው አንድ የምንጨምረው አለ፤ የእርስዎን የመረብ እጅ ለመቅዳት የምንቸገረው እዚህ ላይ ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ላባ ኳስ የምትቆመው በአየር ግጭት ስለሆነ፣ ጃካርታ ላይ ልኳን ይዛ የምትወርደው ኳስ እዚህ ኋለኛውን መስመር አልፋ ትሄዳለች። ስለዚህ በኳስ መያዣው ቱቦ ላይ የፍጥነት ቁጥሩ 77 የተጻፈበትን ከመግዛት ዝግ የሚለውን 75ን ወይም ከዚያ በታች ያለውን መፈለግ ይሻላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከኋለኛው መስመር ቆሞ ከታች ወደ ላይ በሙሉ ምት መምታት፤ ኳሷ ከማዶው የኋላ መስመር ከ53 እስከ 99 ሳንቲ ሜትር ቀድማ ካረፈች ልክ ናት። ደረቅ አየር ደግሞ ላባውን ይሰባብራል። ከጨዋታው ዋዜማ ቱቦውን ሁለቱን ክዳን ከፍቶ በሚፈላ ውኃ እንፋሎት ላይ ጥቂት ሰከንድ ማሳለፍ፣ ከዚያ ዘግቶ ማሳደር ላባውን ያለሰልሰዋል። እንፋሎቱ ከበዛ ግን ኳሷ ትከብዳለች፣ ቡሹም ይርሳል፤ ጥቂት ሰከንድ ስንል ጥቂት ማለታችን ነው። ፈጣን ኳስ ይዞ የእርስዎን ዝግተኛ አመላለስ የሚለማመድ ተማሪ ስሕተቱን በእጁ ላይ ይፈልጋል፤ ስሕተቱ ግን ቱቦው ላይ ነው።

በ2021 ኦክቶበር ኦርሁስ ላይ የኢንዶኔዢያ ቡድን አምበል ሆነው የቶማስ ዋንጫን (የወንዶች ብሔራዊ ቡድኖች የዓለም ውድድር) ከ19 ዓመት በኋላ ወደ አገራችሁ ሲመልሱ፣ በፀረ አበረታች መድኃኒት ጉዳይ በአገራችሁ ላይ በተጣለው ቅጣት የተነሣ ሰንደቅ ዓላማችሁ አልተሰቀለም። እርስዎ ያንኑ የማይለወጥ ፊትዎን ይዘው ዋንጫውን አነሡ። የአገሩን ባንዲራ ለሚወድ አትሌት ያ ቀን ምን ያህል እንደሚከብድ የኢትዮጵያ ሰው ይረዳዋል።

አሁን የአገርዎን ልጆች ጥንድ፣ ሳባር ካሪያማን ጉታማንና ሬዛ ፓህሌቪን ያሠለጥናሉ። ነጥቡ 11 ሲደርስ የሚሰጠው ዕረፍት 60 ሰከንድ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ከወንበርዎ ተነሥተው ሲነግሯቸው አፍዎን ሳይሆን እጅዎን እያየን ነው፤ ጣትዎ እንዴት እንደሚላላና እንደሚጨበጥ ስለሚያሳዩ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ለባለቤትዎና ለልጆችዎ፣ ለአህሳንና ለቤተሰቡ የከበረ ሰላምታችን ይድረስ።

የጥንድ ባድሚንተን አሠልጣኞችና ተጫዋቾች