ጨቅላ፣ ፀሐይና የቫይታሚን ዲ ጠብታ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በደብረ ብርሃን ብርድ ጨቅላን በጋቢ ጠቅልሎ በመስኮት በምትገባ ፀሐይ ማሞቅ የተለመደ ነው። ሙቀቱ ይገባል፤ በቆዳ ላይ ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ የሚያደርገው ጨረር ግን መስታወቱንም ጋቢውንም አያልፍም። የእናት ጡት ደግሞ፣ ሌላው ብዙው ሞልቶለት፣ በዚህ ቫይታሚን ደሃ ነው። ጡት ለሚጠባ ጨቅላ በቀን 400 ዩኒት ጠብታ የሚታዘዘው ለዚህ ነው።

ስህተቱ የሚበዛው አሰጣጡ ላይ ነው። በአንዱ ብልቃጥ 400 ዩኒት አንዲት ጠብታ ናት፤ በሌላው 1 ሚሊ ሊትር ሙሉ። ሁለተኛውን የለመደች እናት የመጀመሪያውን በማንጠብጠቢያ ሙሉ ከሰጠች፣ የሳምንታት መጠን ባንዴ አጠጣች ማለት ነው። ይህ ከተደጋገመ በደም ውስጥ ካልሲየም ይበዛል፦ ማስመለስ፣ የሆድ ድርቀት፣ ሽንት መብዛት፣ ሲብስም የኩላሊት ጉዳት። የመድኃኒት ባለሙያው ብልቃጡን ከመስጠቱ በፊት «አንድ ጠብታ ስንት ዩኒት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ምን ነበረበት!

በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንቱ ለስልሶ እግሩ የጎበጠ ወይም የእጁ አንጓ ያበጠ ሕፃን ግን በ400 ዩኒት አይድንም። ሕክምናው ከፍ ያለ መጠንና ካልሲየም ይፈልጋል፤ እሱንም ሐኪም ነው የሚያዝዘው።

ከደብረ ብርሃን