ስለዚያ ብርቱካናማ ማባያ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹ፣ እማማ፣ ባለቤትሽ፣ ሁላችሁም ደኅና ናችሁ ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ሥራ፣ ቤት፣ መንገድ ነው። የጠፋፋንበትን ዘመን ቁጭ ብዬ ልቆጥር ነበር። ቆጠራው ከተጀመረ ግን «አንቺ ነሽ፣ አንቺ ነሽ» ውስጥ እንገባለን፣ የዚያን ክርክር መጨረሻ ደግሞ ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ አንቺ ታሸንፊያለሽ። ስለዚህ ይቅር።

የላክሽውን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። ግማሹ አንቺ ነሽ፣ ግማሹ የልጆችሽ ጩኸት ነው። ከጓደኛቸው ልደት ላይ ሱሺ፣ ያንን በሩዝ የሚጠቀለለውን የጃፓን ምግብ፣ ቀምሰው «ያንን ብርቱካናማ ነገር ሥሪልን» ብለው አላስቀምጥ እንዳሉሽ ገባኝ፤ የሚያቃጥለውን ማዮኔዝ ማለታቸው ነው። ይህን ያህል ጠፍቶ በማዮኔዝ ምክንያት ብቅ የሚል ሰው ካንቺ ሌላ አላውቅም! በድምፅ ብመልስልሽ መጠኑ ይጠፋብሻል ብዬ ነው የምጽፈው፤ ደግሞም ደብዳቤ አማረኝ።

የመጣሽው ትክክለኛው ሰው ጋ ነው። ካልነገርኩሽ ነገሮች አንዱ፣ እዚሁ ሎስ አንጀለስ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሱሺ ስጠቀልል መክረሜ ነው። አሠሪዬ የበርማ ሰው ነበር። አትገረሚ፤ አሜሪካ ውስጥ የሱፐርማርኬት ሱሺ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ከበርማ የመጡ ናቸው። የበርማ ሰው ያስተማራት ሐበሻ የጃፓን ምግብ ሠርታ ለሜክሲኮ ሰው ትሸጣለች፤ ከተማዋ እንዲህ ናት።

ማባያው ከቶኪዮ የመጣ እንዳይመስልሽ። ቱናን በቃሪያና በማዮኔዝ ለውሶ በሩዝ መጠቅለል የተጀመረው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1980ዎቹ፣ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ነው ይባላል። ምክንያቱን እጄ ያውቀዋል። ቱናው ሲከፋፈል ቀጥ ያለው፣ ያማረው ሥጋ ለብቻው ተቆርጦ ይቀርባል። ከቆዳው አጠገብና ከጭራው በኩል ያለው ግን ነጭ ጅማት ስለሚበዛበት ቢቆርጡትም አይታኘክም። ያኔ ማንኪያ ይነሣል። ማንኪያውን አጋድመሽ በጅማቱ አቅጣጫ ስትፍቂው ቀዩ ሥጋ ለስልሶ እየተላቀቀ ማንኪያው ላይ ይከመራል፤ ጅማቱ ባዶውን ይቀራል። የተፋቀው ምንም መልክ የለውም። ማዮኔዝና ቃሪያ ሲገባበት ግን ካማረው ቁራጭ ቀድሞ ያልቅ ነበር።

ይህን የምነግርሽ ታሪክ ለማብዛት አይደለም። ማባያው ሲጀመርም የትርፍራፊ ዘዴ ስለሆነ፣ አንቺም ከውጭ የመጣ ጠርሙስ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ እንዳትንከራተቺ ነው። ጓዳሽ ውስጥ ባለው ይሠራል።

እኛ የምንጠቀምባቸውን ግን ልንገርሽ፣ ምን እንደምትተኪ እንድታውቂ። የቃሪያ ሶሱ ስሪራቻ ይባላል፤ ስሙ የታይላንድ የባሕር ዳር ከተማ ስም ነው። እዚህ ቤት ሁሉ ውስጥ ያለው፣ አውራ ዶሮ የተሣለበት ባለ አረንጓዴ ክዳን ጠርሙስ ግን የዚህ ከተማ ልጅ ነው። ዴቪድ ትራን የሚባል ከቬትናም የተሰደደ ሰው በ1980 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጀመረው። ድርጅቱን ሁዪ ፎንግ ያለው ከአገሩ ይዛው በወጣችው መርከብ ስም ነው፤ አውራ ዶሮው ደግሞ የተወለደበት ዓመት ምልክት ነው። በ2022 የቃሪያው ምርት አንሶ ጠርሙሱ ከየሱቁ ሲጠፋ ሰው እንደ ዘመድ ነው የፈለገው። ማዮኔዙ ደግሞ ኪውፒ ነው፣ ጃፓን ውስጥ በ1925 ገበያ ላይ የዋለ። ከሌላው የሚለየው በሙሉ እንቁላል ፈንታ አስኳሉን ብቻ መጠቀሙ ነው፤ ጣዕም ማጉያም አለበት። ቀለሙ ወደ ቢጫ የሚያደላው በአስኳሉ ነው።

አሁን ወደ ጓዳሽ። ከሱቅ የገዛሽው ተራ ማዮኔዝ ካለ ሥራው አለቀ፤ እሱ ላይ ትንሽ አቼቶና ቁንጥር ስኳር ጨምሪበት፣ ወደ ጃፓኑ ይጠጋል። ከሌለ፣ ወይም እንደማውቅሽ ሁሉን በእጄ ካልሠራሁ ካልሽ፣ አንድ አስኳል ያዢ፤ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከሆነ ትንሽ ስለሆነ ሁለት። ልጆችና ትልቅ ሰው ያሉበት ቤት ስለሆነ ጥሬውን አትጠቀሚ። አስኳሉን ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ውኃና ከሁለት የሻይ ማንኪያ አቼቶ ጋር ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጊና በሚፈላ ውኃ ድስት ላይ አስቀምጠሽ ሳታቋርጪ ምቺው። መወፈር ሲጀምርና ማንኪያ ጀርባ ላይ ሲይዝ አውርጂ፤ ቴርሞሜትር ካለሽ 71 ዲግሪ ላይ ነው። ብታቆዪው እንቁላል ጥብስ ይሆንብሻል። ሲቀዘቅዝ ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ ጨምሪበት።

ከዚያ ዘይቱ፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ የሱፍ ዘይት። የኑግ ዘይት እንዳታስቢው፣ ጠረኑ ሁሉን ይውጠዋል። ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ጠብታ በጠብታ፣ እየመታሽ፣ ጠብታው ሳይጠፋ ሌላ ሳትጨምሪ። ዘይትና አቼቶ በተፈጥሯቸው አይዋደዱም፤ አስኳሉ ውስጥ ያለው ሌሲቲን ነው መሐላቸው ገብቶ የሚያስታርቃቸው፣ እሱም ዘይቱ ደቅቆ ሲደርሰው ነው የሚችለው። ሲወፍርና መምቻው መንገድ እየተወ ሲሄድ በቀጭኑ ማንቆርቆር ትችያለሽ። ከተለያየ አትድፊው። ሌላ አስኳል እንደ መጀመሪያው አዘጋጂና የተለያየውን በማንኪያ ማንኪያ እየጨመርሽ ምቺው፣ ይመለሳል።

ለአራት የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ የቃሪያ ሶስ ነው መጠኑ። ስሪራቻውን ለመተካት ሩብ ኪሎ የበሰለ ቀይ ቃሪያ፣ አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ የሻይ ማንኪያ ጨውና ግማሽ የቡና ስኒ አቼቶ ከትንሽ ውኃ ጋር ቀቅይው፤ ሲለሰልስ ፈጭተሽ አጥልይው። የቃሪያው እንፋሎት ያስነጥሳል፣ መስኮት ክፈቺ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሎሚ ጨምሪ። የሰሊጥ ዘይት ካለሽ ጥቂት ጠብታ፣ ከሌለ የሁመራ ሰሊጥ አመስ አመስ አድርገሽ ወቅጪና ነስንሺበት፤ ለእኔ ከዘይቱ ይበልጣል።

«ሚጥሚጣ ባደርግበትስ?» ማለትሽ አይቀርም፣ አውቅሻለሁ። አድርጊ። ግን ኮረሪማው ቀድሞ ይወጣል፤ ክትፎ ላይ ያኮራሽ ሽታ እዚህ ዓሣውን ይጋፋዋል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ፣ ያውም በአቼቶ ርሶ እንዲለሰልስ ቆይቶ። በርበሬን ግን ተይው፤ ካልበሰለ አሸዋ አሸዋ ይላል። ምንም ብታደርጊ ለውሰሽ ወዲያው ቀምሰሽ «አያቃጥልም» ብለሽ እንዳትጨምሪበት። የቃሪያው ማቃጠያ በቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ ማዮኔዙ መጀመሪያ አፍሽን ያታልለዋል፣ ኋላ ነው የሚደርስብሽ። ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆይተሽ ቅመሺ።

ዓሣው ነገር። ሐዋሳ አሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ በዳጣ የበላንበትን ቀን ታስታውሻለሽ? አንቺ አፍንጫሽን ይዘሽ ጀመርሽ፣ ኋላ ሳህኑን ከእጅሽ ማን ያስጥልሽ! ይህን እዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው አያምኑኝም፤ ጥሬ ዓሣ በሚያቃጥል ነገር መብላትን እነሱ የጀመሩት ይመስላቸዋል። ቢሆንም ለልጆቹ የሐይቅ ዓሣ በጥሬው እንዳትሰጪ። ጨዋማ ባልሆነ ውኃ የሚኖር ዓሣ ለጥገኛ ትል የተጋለጠ ነው። እዚህ እንኳ በጥሬው ከሚበላው የባሕር ዓሣ ብዙውን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን፣ ወይም ከዚያ በባሰ ቅዝቃዜ ላጠረ ጊዜ ማቆየት ነው ደንቡ፤ የቤት ፍሪጅ በሩ በተከፈተ ቁጥር ስለሚሞቅ አይታመንም። የታሸገ ቱና ግዢ፣ ዘይቱን ጥብቅ አድርገሽ ጨምቂ፣ በማባያው ለውሺው። «ታሽጎ የመጣ ዓሣ ሱሺ ይባላል ወይ?» የሚል ሰው ከመጣብሽ፣ ጃፓን ውስጥ ሰቨን ኢለቨን የሚባሉት ሱቆች በሩዝ ኳስ ውስጥ ቱና በማዮኔዝ አድርገው ከ1983 ጀምሮ እንደሚሸጡ ንገሪው። ከጎኑ አቮካዶና ኪያር አድርጊ፣ ዱባ ግን አይሆንም፤ ባለፈው ባጃጅ ሙሉ ዱባ የገዛሽ ሴት ስለሆንሽ ነው የማስጠነቅቅሽ። አቮካዶው ደግሞ አንቺ ጋ ያለው እዚህ ካለው በጣም ይሻላል፣ ይህን ስጽፍ እየተቆጨሁ ነው።

ሩዙ አጭርና ድቡልቡል ፍሬ ያለው ይሁን፣ ካልሆነ አይጣበቅልሽም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ስለዚህ ጥቅሉ ላይ ከተጻፈው ጊዜ አስረዝሚው። ሲበስል አቼቶ፣ ስኳርና ጨው አሟሙተሽ በትኩሱ እርጪበት። ሌላው ልምድ ነው።

እማማ ጾም ላይ ከሆኑ ለየብቻ ሥሪላቸው፣ ያኔ «ለእኔ ምን አሰባችሁ» አይሉሽም። ሽንብራ የቀቀልሽበትን ወፈር ያለ ውኃ አትድፊው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ከእሱ፣ ከአቼቶና ከሰናፍጭ ጋር በብሌንደር እየመታሽ ያንኑ ዘይት በቀጭኑ ጨምሪ፤ እንቁላል እንዳለበት ሆኖ ይረጋል። ቀለሙ ነጣ ይላል እንጂ እኔ ከእንቁላሉ አልለየውም። ለእሳቸው ቃሪያውን ቀንሺ፣ ጨጓራቸውን አልረሳሁም። አሁንም ቡናቸውን በጨው ነው የሚጠጡት?

ያስቀመጥሽውን ከሦስት አራት ቀን በላይ አታቆዪ፤ መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ከሞቀ ሳትሳሺ ድፊው። ጠረጴዛ ላይም ከሁለት ሰዓት በላይ አይቀመጥ።

አሁን ተራው ያንቺ ነው፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ ሥራሽ፣ በድምፁ ላይ ጀምረሽ ልጆቹ ስላቋረጡሽ ነገር ሙሉውን እፈልጋለሁ። እሑድ እረፍቴ ነው። እኔ ጋ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን አንቺ ጋ ምሽት 12 ሰዓት ነው፣ ልጆቹ ራት ላይ ሳሉ ደውዪልኝ።

ያንቺዋ