አባዬ ስምንተኛው ረድፍ ላይ

እህትዓለሜ፣

እንደምን አለሽልኝ? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብሽ። በሰባቱ ቀን እመጣለሁ፣ ካልሆነም በተዝካሯ እደርሳለሁ ስል የእናትሽ ለቅሶ አመለጠኝ። ከዚያ አፈርኩ። ይቅር በይኝ። የሷን ነገር ስንገናኝ አብረን እናለቅሰዋለን፤ በደብዳቤ አይሆንልኝም።

አሁን የጻፍኩልሽ ስለቸገረኝ ነው። አማርኛሽን ፈልጌ። መርከዝ ክሊታ፣ የአዲስ ገቢዎቹ መቀበያ ሠፈር ሳለን ለሽማግሌዎቹ ደብዳቤ የምታነቢው አንቺ አልነበርሽ? ያኔ አንገትሽን ቀና አድርገሽ፣ ጉሮሮሽን ጠርገሽ፣ ልክ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ!

ታልሙድ፣ የረቢዎቹን የሕግ ክርክር መጽሐፍ እየተማርኩ ነው። አዎ፣ የቤተ እስራኤሉ ቄስ ልጅ። ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ፣ እዚሁ እስራኤል፣ ረሆቦት፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር። ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምናነበው፤ ኸቭሩታ ይሉታል። አንዷ ታነባለች፣ ሌላዋ ትሞግታለች።

ገጹን ብታዪው! መሃሉ ላይ ሚሽና፣ የጥንቱ ሕግ፣ እና ገማራ፣ በሱ ላይ የተደረገው ክርክር። በአንድ ጎኑ ከ900 ዓመት በላይ በፊት ፈረንሳይ የኖረው ሐተታ ጸሐፊ ራሺ። በሌላው ጎን ራሺን የሚሞግቱት የገዛ የልጅ ልጆቹና ተከታዮቻቸው። በዕድሜ ያልተገናኙ ሰዎች አንድ ወረቀት ላይ ይከራከራሉ። የተረታው ሐሳብም አይፋቅም፤ ከነባለቤቱ ስም እዚያው ይቀመጣል።

ልቤን የያዘው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ70 የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ተቃጠለ፣ መሥዋዕቱም ቀረ። ረቢ ዮሐናን ቤን ዛካይ ሬሳ መስሎ በሣጥን ከኢየሩሳሌም ወጣና የሮማውን አለቃ «ያቭኔንና ሊቃውንቷን ስጠኝ» አለው ይላል። ያቭኔ እኮ እዚችው አጠገባችን ያለችው ናት! እዚያ ተቀምጠው ያለ መሥዋዕት አይሁድ ሆኖ መኖርን እንደ አዲስ ሠሩት። እኛ ይህን ሳንሰማ ጎንደር በጉን ስናርድ ኖርን። እዚህ በመጣን በመጀመሪያው ፋሲካ በግ የለም ሲባል አባዬ ቢላዋውን በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋ ሥር አስቀመጠው። ዛሬም እዚያው ነው።

ታዲያ ያኔ የተቻለ ዛሬ ለምን አይቻልም? በዓላችን ስግድ እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ የሀገሩ በዓል ሆነ፤ ደስ ብሎኛል። ግን በዓመት አንድ ቀን ቄሶቹን ከነጃንጥላቸው ፎቶ ማንሳት አይበቃኝም። የነሱ ቃል ክርክሩ ውስጥ እንዲገባ እፈልጋለሁ። እኔ ህዳጉ ላይ በእርሳስ በአማርኛ መጻፍ ጀምሬያለሁ።

አሁን ወደ ችግሬ። አንድ ታሪክ ለአባዬ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። መናኾት በሚባለው የታልሙድ ክፍል፣ ገጽ 29 ላይ ሙሴ ሰማይ ሲወጣ እግዚአብሔር ለፊደሎቹ አክሊል ሲሠራ ያገኘዋል። ለምን ቢለው፣ «ከብዙ ትውልድ በኋላ አቂባ የሚባል ሰው ከያንዳንዷ ጭረት ክምር ክምር ሕግ ያወጣል» አለው። ሙሴ አሳየኝ አለ። ሄዶም ረቢ አቂባ ሲያስተምር ከስምንት ረድፍ በኋላ ተቀመጠ። የሚሉት አልገባውም። ራሱ ሙሴ!

ቀጥሎ «ኃይሉ ደከመ» ብዬ ጽፌ ነበር። ከዚያ አባዬ ያኔ፣ የዚህ ሀገር ረቢዎች አይሁድነትህ እንዲጸና ውሃ ግባ ያሉት ቀን፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ያላት ቃል ትዝ አለችኝ። «ጉልበቴ ከዳኝ።» ሰረዝኩና «ጉልበቱ ከዳው» አልኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ እውነቴን ነው።

በኋላ ተማሪዎቹ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ሲሉት አቂባ «ለሙሴ ሲና ላይ የተሰጠ ነው» አለ። የሙሴ ልብ አረፈ። ይህን ለአባዬ ላነብለት እፈልጋለሁ። ታልሙድ መማሬን ከሰማ ወዲህ ስለሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ለሱ መጽሐፉ ያ ውሃ ነው።

ግን ታሪኩ አላለቀም። ሙሴ «እንዲህ ያለ ሰው እያለህ ኦሪትን በኔ እጅ ትሰጣለህ?» ሲል እግዚአብሔር «ዝም በል» ይለዋል። ይህቺን አባዬ ፊት እንዴት አድርጌ ላንብባት? ዕድሜውን ሙሉ ዝም ሲያሰኙት የኖሩትን ሰው? «ታገሥ» ብል ውሸት ይሆናል። «ጸጥ በል»ም ያው ነው። መዝለልም አልፈልግም፤ እሱ ራሱ ከኦሪት አንዲት ቃል ዘሎ አያውቅም።

አንቺ ምን ትያለሽ? ቃል ካገኘሽ ላኪልኝ። ወይ... እንዴት ብዬ እንደምጠይቅሽ አላውቅም፤ አንቺው መጥተሽ ብታነቢለትስ? ድምፅሽን ይወዳል። እሁድ ከሰዓት ብቻውን ነው።

ያቺው ጓደኛሽ